ሰላምታው ገና አላለቀም

ታይፕ የተማርኩት ካርቶን ላይ ነው። የሳሙና ካርቶን ቀድጄ የኮምፒውተሩን ፊደላት በእስክሪብቶ ሣልኩበትና ወጤ እስኪበስል በጣቶቼ ስደበድበው እውል ነበር። ባሌ «የእንጨት ማንኪያው ሲያርር እንኳ አይሰማትም» እያለ ለጎረቤት ያወራብኝ ነበር። በኋላ ሮቤ ላይ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሁለት ኮምፒውተር ሳስገባና «ጽሕፈትና ኢንተርኔት» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ስለጥፍ፣ ወረቀቱን ለማየት ብቻ ሦስት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬአለሁ።

አንድ ቀን ከሌላ ክልል የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወረቀት ሊያሳትም መጣ። መብራት እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ አዲስ አበባ ስላለች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አወራኝ። አደጋ የደረሰበት፣ ሐዘን የከበደው፣ ከቤተሰቡ ጋር መስማማት ያቃተው ሰው በኢንተርኔት ይጽፍላታል፤ እሷም ቀጠሮ ሰጥታ እዚያው እየተጻጻፈች ታማክረዋለች አለኝ። ከወንበሬ ተነሣሁ። «ለጎባ ሰውም ትጽፋለች?» አልኩት። ሳቀብኝ።

ጎባ ላይ ታላቅ እህቴ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ልጇን ደሎ መና ልትድር ሄዳ ነበር። ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ከሃረና ጫካ ወደ ሰነቴ አምባ በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ በጭጋግ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም፤ እሷም ክንዷ ከመጫሩ በቀር ምንም አልሆነችም። ግን ከዚያ ወዲህ መኪና ይቅርና ባጃጅ አትሳፈርም። እኔን ልትጠይቅ ስትመጣ ከጎባ ሮቤ ድረስ በፈረስ ጋሪ ነበር። አሁን ደግሞ ያች የዳረቻት ልጅ የመጀመሪያዋን አርግዛ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ በስልክ «እናቴ አጠገቤ ከሌለች ይህን ልጅ እንዴት ነው የምወልደው?» እያለች ታለቅሳለች። ደሎ መና በጋሪ አይደረስም።

እህቴን ለማሳመን ሳምንት ፈጀብኝ። የማላውቃት ሴት ፊት ገበናዬን አላወጣም አለች። ፊት የለም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው አልኳት። ያ ደግሞ የባሰ ነው አለች። በመጨረሻ የልጇን ለቅሶ በስልክ አሰማኋትና መጣች።

በቀጠሮው ሰዓት ሱቁን ዘግቼ አንዱን ኮምፒውተር በአልጋ ልብስ ጋረድኩ። ኔትወርኩ እንዳይጠፋ እየለመንኩ ተቀመጥኩ። የባለሙያዋ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ እኔ አነባለሁ፣ እህቴ ትመልሳለች፣ እኔ ታይፕ እመታለሁ።

እንቅልፍዎ እንዴት ነው ብላ ጻፈች። እህቴ «ነገያ፣ አልሃምዱሊላህ» አለች። ሰላም ነው ማለቷ ነው። የምግብ ፍላጎትስ? አልሃምዱሊላህ። አደጋው በሐሳብዎ እየመጣ ያስቸግርዎታል? ነገያ። መኪና ሲያዩስ? አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው። እኔም ታማኝ ጸሐፊ ነኝና አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ መታሁ። ባለሙያዋ በጣም ደስ እንዳላት፣ እህቴ አደጋውን በጥሩ ሁኔታ እንደተወጣችው፣ ሌላ ቀጠሮም ላያስፈልጋት እንደሚችል ጻፈችልን።

ደሜ ፈላ። ወደ እህቴ ዞርኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ እንቅልፍ ካጣሽ ዓመትሽ አይደለም እንዴ? የጋሪው ፈረስ እንኳ ያውቃል።»

እሷ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ምነው? ገና ሰላምታ ላይ እኮ ነን። ከብቶቼን አልጠየቀችኝም፣ ገብሱን አልጠየቀችኝም፣ ዝናቡን አልጠየቀችኝም። ሰላምታው ሳያልቅ ወሬ ይነገራል?»

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ጋ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁሉ መልሱ ሰላም ነው። ቤቱ የተቃጠለበት እንኳ ቤቱን ሲጠይቁት ሰላም ነው ይላል። ከዚያ ሰላምታው ያበቃና «ወሬስ?» ይባላል፤ የተቃጠለው ቤት የሚነገረው እዚያ ጋ ነው። እኔ ሮቤ ላይ ተጣድፌ ስኖር ረስቼው ነበር። እህቴ ያለችውን እንዳለ ጻፍኩት፣ እኔ ያልኩትን የፈረሱን ነገርም ጨምሬ።

መልሱ ዘገየ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ገመዱን ነካካሁ። ከዚያ፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ ቸኮልኩ። ከብቶችዎ ሰላም ናቸው?»

እህቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከብቶቿ ሰላም ናቸው። ገብሱስ? ሰላም ነው። ዝናቡስ፣ ጎረቤትስ፣ ጥጆቹስ? ሴትዮዋ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ጎበዝ ናት። ከዚያ «ወሬስ አለ?» ብላ ጻፈች።

«ወሬማ አለ ልጄ» አለች እህቴ፤ ወንበሯን አስጠጋች።

አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ጭጋጉን፣ ከፊቷ የነበረችው ሴት ጩኸት በድንገት ጸጥ ሲል ሞታለች ብላ ማሰቧን፣ እስከዛሬ ውሃ ስትቀዳ እንኳ መሬቱ የሚያዘነብልባት መሆኑን። ይህን ሁሉ እኔ እህቷ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጣቶቼ አልደርስባት ብለው ፊደል እየዘለልኩ፣ እንባዬ አፍንጫዬ ላይ እየወረደ ስመታ ውስጤ ግን በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከሰላምታው ቀጥሎ የቤት ሥራ ይሰጣት ጀመር። መጀመሪያ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ። መናኸሪያ ወስጄ አስቀመጥኳት፤ ወያላው ጎባ ጎባ እያለ ሲጮህ ይህችኛዋ የትም አትሄድም ብዬ ዝም አሰኘሁት። ቀጥሎ አንዲት ፌርማታ ብቻ። ቀጥሎ ከሮቤ ጎባ። ጋሪ ነጂው ሽማግሌ ከመኪና ስትወርድ አይተዋት «ፈረሴ ምን በደለሽ?» ብለው ለሳምንት አኮረፏት። ባለሙያዋ የቀረው ሰነቴ ነው፣ እሱን ቀስ ብለን አብረን እንዘጋጅበታለን አለች።

ልጅቷ ግን አልጠበቀችንም። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ እንደጀመራት በማለዳ ተደወለልኝ። ወደ ሱቅ ሮጥኩ፤ ኔትወርክ የለም። ከፈትኩ ዘጋሁ፤ የለም። ጎባ ስደርስ እህቴ መናኸሪያው ውስጥ የልጅ ጨርቅ የያዘ ፌስታል ታቅፋ በደሎ መና መኪና ፊት ቆማለች። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ገብቷል።

«ሴትዮዋ ምን አለች?» አለችኝ።

ኔትወርክ እንደሌለ ነገርኳት። ፌስታሉን ጠበቅ አድርጋ ታቀፈች። ከዚያ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች።

ደህና አደርክ አለችው። ደህና። ቤተሰብህ ነገያ? ነገያ። ጎማህ ነገያ? ነገያ። ፍሬንህስ? አልሃምዱሊላህ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። እህቴ መስኮቱን ያዝ አደረገች።

«እሱ ሰላምታ ነው። አሁን ወሬውን ንገረኝ።»

ሾፌሩ የእኛው አገር ሰው ነው፤ ወሬ የተጠየቀ ሰው እንደማይዋሽ ያውቃል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የኋላ ግራ ጎማው አልቆ እንደነበር፣ ትናንት እንደቀየረው፣ ሰነቴ ላይ ዛሬ ጭጋግ አለ እንደተባለና ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ እንደሚወርድ ነገራት። እህቴ ጎንበስ ብላ ጎማውን በጣቷ ጫን አደረገችውና ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ።

አደጋው የደረሰበት ቦታ ስንደርስ ጨምቃ የያዘችውን እጄን እንዳትሰብረው ፈራሁ። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። ጫካው ውስጥ ገብተን ጭጋጉ ሲገለጥ «አለፍነው?» አለች። አዎ አልኳት። ፌስታሉን ከፍታ ጨርቁን እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ደሎ መና ላይ ከልጁ በሁለት ሰዓት ቀደምን።

ሮቤ ተመልሼ ኔትወርኩ ሲመጣ ለባለሙያዋ ጻፍኩላት። እህቴ በስልክ እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብላኝ ነበር፦ ከብቶቹ ሰላም ናቸው፣ ገብሱ ሰላም ነው። ወሬም አለ፤ ወንድ ልጅ ነው። ጎማውም አዲስ ነበር።