የአዲሷ አሰልጣኝ ቁጣ

ነጅዋ በተከላካይነት ስትጫወትበት የነበረው የድሬዳዋ ቡድን ሲፈርስ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጭሮ ተመለሰች። እናቷ ሀሚዳ «አልሀምዱሊላህ፣ አሁንስ ታርፊያለሽ» አለቻት። እሷ ግን ማረፍ አልሆነላትም። በየትምህርት ቤቱ ዞራ፣ ዳይሬክተር ለምና፣ ኳስ የሚወዱ ሴት ልጆች ሰበሰበች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ልምምድ ጀመሩ።

ማሰልጠን የምታውቀው እሷ በሰለጠነችበት መንገድ ነበር። የድሬው አሰልጣኟ ከቁጣ ሌላ ቋንቋ አልነበረውም፤ ያ ቁጣ ጠንካራ እንዳደረጋት ታምናለች። ስለዚህ እሷም ፊሽካዋን እየነፋች ትጮህ ነበር። «ምን ያፈዝሻል? እግርሽን ማን አሰረው?» ኳስ ያመለጣት ልጅ ሜዳውን ትዞራለች።

ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። ነጅዋ የሚያስቀሯቸው ወላጆቻቸው መሆናቸውን ለአፍታም አልተጠራጠረችም። «ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት አይዋጥላቸውም» እያለች ለእናቷ ታማርራለች። የመጡት ሲበተኑ ብቻዋን ትቀርና ኳሱን ከአጥሩ ግንብ ጋር እያላተመች ታመሻለች። የድሬ ጓደኞቿ መደወል ትተዋል። ጭሮ ላይ ደግሞ የልጅነት ጓደኞቿ አግብተው ወልደዋል፤ ሲያገኟት ሰላም ብለው ያልፋሉ እንጂ የሚያወሯት ነገር የላቸውም።

ጎረቤት ከተማ ሂርና ሄደው ግጥሚያ ሊጫወቱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው በረኛዋ ኩብራም ቀረች። ነጅዋ ልትሟገት ተዘጋጅታ ቤታቸው ሄደች። የኩብራ አባት ፋሩቅ ጫት ነጋዴ ናቸው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫት ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ፋሩቅ። እባክዎ ልጅቷን አይከልክሏት፣ ጎበዝ በረኛ ናት።»

«ወአለይኩም ሰላም።» ቀና አሉ። «እኔ? ጓንቱን የገዛሁላት እኔ አይደለሁ እንዴ? ወላሂ አልከለከልኳትም።»

«ታዲያ ለምን ቀረች?»

ፋሩቅ የያዙትን እስር አስቀመጡ። «እንዳትቀየሚኝ ልጄ። አንቺን ፈርታ ነው። በእንቅልፏ ‹ያዝኩት፣ ያዝኩት› እያለች ትባንናለች።»

«ይቅርታ ብላሻለች በሉልኝ» ብላ ነጅዋ ልትሄድ ዞረች። ኩብራ በመስኮት ታያት ነበር፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ መጋረጃውን ለቀቀችው።

እሷም ድሬ እያለች እንዲሁ ትባንን እንደነበር መንገድ ላይ ትዝ አላት። ያን ጊዜ ድካም ነው ብላ ነበር ያለፈችው።

በማግስቱ ያለ ፊሽካ መጣች። አንዷ ልጅ ኳስ አመለጣትና ሳይነግሯት ሜዳውን ልትዞር ተነሳች።

«ተይው፣ እንደገና ሞክሪ» አለቻት ነጅዋ።

ልጅቷ ማመን አቅቷት ቆማ ቀረች።

ከቀሩት አንዳንዶቹ ተመለሱ። ኩብራ ግን አልመጣችም። ሂርና ላይ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ፤ የሚመልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ግን ልጆቹ ያገቧትን አንዷን ጎል እያነሱ ይስቁ፣ በኦሮምኛ ይዘፍኑ ነበር። ነጅዋ ጋቢና ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ዘፈኑን ታውቀዋለችና ልትቀበላቸው ዞር አለች። ሁሉም ጸጥ አሉ።

«ቀጥሉ እንጂ» አለች።

ማንም አልቀጠለም። ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ከቆይታ በኋላ አንዷ በዝግታ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ነጅዋ እንዳያቋርጡት ብላ እስከ ጭሮ ድረስ ዞር አላለችም።