እናትሽ አትመለስም ያልኩበት ቀን

በዚያን ቀን ሲግናል ቪዲዮ ቤት የነበርነው እኔ፣ የጎረቤታችን ልጅ ብርቱካን፣ ፊልሙን በአማርኛ የሚያስረዳን ሳሙኤል፣ ስማቸውን የረሳኋቸው ብዙ ልጆችና በር ላይ ሱፍ የምትሸጥ ሴት ነን። የብርቱካን አክስት እትዬ ዘነቡ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ልጄ ነው። ባለፈው እሑድ በስልኩ የጃፓን ካርቱን ሲያይ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ጎበዝ ጓደኞቹን አድኖ ሲሞት እንባዬ መጣ። ልጄ ሳቀብኝ።

«እማ፣ አታካብጂ! ቀጣዩ ክፍል ላይ ይነሳል።»

እውነትም ተነሳ። ተናደድኩ። ሊመልሱት ከሆነ ለምን አስለቀሱኝ?

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ልጄ ዓሣ ሲበላ እንኳ አጥንቱን የምለቅምለት እኔ ነኝ። ትምህርቴም ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊልም አውቃለሁ አልልም። ስለ ሞት ግን ማንም አያታልለኝም።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነው። እኔ አሥራ ስድስት፣ ብርቱካን ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። እናቷ ሐምሌ ላይ አረፈች። በቀብሩ ዕለት ልጅቷን ዘመድ ቤት አቆዩዋትና ስትመለስ «እናትሽ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ገብታለች» አሏት። መርዶ ሰዓትና ሰው ተመርጦለት ይነገራል፤ እትዬ ዘነቡ ግን «እንቁጣጣሽ ይለፍ» እያሉ አራዘሙት። የግቢው ሰው ሁሉ ላይናገር ማለ። እኔም ምያለሁ። ብርቱካን ብቅ ስትል ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን እያወለቁ ጉያቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ እርጥብ ሹራብ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሳሙኤል የሚያስረዳን እየጮኸ ነው። የካርቱኑ ጀግና ሞተ፤ አለቀስኩ።

«አይዟችሁ፣ ሲዲ ሁለት ላይ ይነሳል!» አለ ሳሙኤል። ወደ እኔ ዞሮም «አንቺ ደግሞ፣ ድንኳን እንትከልልሽ?» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ። ብርቱካን አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«እማዬ እንደሞተች ቧንቧ ጋ ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን አላለቀስሽም?»

«ትነሳለቻ! ለእሷ ስንት ሲዲ ይፈጃል?»

እጇን ይዤ ወጣሁ። መሐላ አለብኝ። ዝም ካልኩ ግን ይቺ ልጅ የእንቁጣጣሽ ዕለት በር ላይ ተቀምጣ ልትጠብቅ ነው፤ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

«ብርቱኬ፣ ካርቱን ሰው የሳለው ነገር ነው። እናትሽ ሞታለች። አትመለስም።»

«ውሸታም!» ብላ እጄን ነከሰችኝ። ከዚያ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከትንሽ ደረት ይወጣል አልልም ነበር።

ሳሙኤል ሮጦ ወጣ። «ምን አገባሽ አንቺ? ለሕፃን እንዲህ ይነገራል?»

«ሞተው ይነሳሉ እያልክ ያስተማርካት አንተ ነህ!»

እትዬ ዘነቡ ጩኸቱን ሰምተው ከቤታቸው ደረሱና በጥፊ አሉኝ። «ማን መርዶ ነጋሪ አደረገሽ?»

«ማንም። እርስዎ እምቢ ስላሉ ነው» አልኳቸው። ለትልቅ ሰው መልስ ሰጥቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን በግልጽ አሰሩ። ብርቱካን በመካከላቸው ሦስት ቀን አለቀሰች፤ ስለ እናቷም አወሩላት። በሳምንቱ አጎቷ መጥቶ አውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ወልዲያ ወሰዳት። እኔ እንድሰናበታት አልተፈቀደልኝም።

በትንሣኤ ሙታን አምናለሁ። እሱ ግን ሲዲ በተቀየረ ቁጥር የሚመጣ አይደለም። ካርቱን የሚሠሩ ሰዎች ከገደሉ ይግደሉ፤ የማይጨክኑ ከሆነ መጀመሪያውኑ ይተዉት። ያለቀስኩለትን ሰው በማግስቱ እየሳቀ ሲያመጡብኝ እኔን ንቀውኛል። ይህንኑ ለልጄ ነገርኩት። «እማ ደግሞ!» አለኝ፤ ይበል።

ብርቱካን አሁን ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ስለነገርኳት ይቅርታ አልጠይቃትም። ግን ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖረች አላውቅም። ወልዲያም ሆነ ሌላ አገር የምታውቋት ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።