የሻረግና የመሪጌታው ኩላሊት

የሻረግ የመርሳ ልጅ ናት። ወልድያ እኛ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ስትሠራ ቆይታ፣ ደሴ ሄዳ የአልትራሳውንድ ሥልጠና ወስዳ የተመለሰችው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ነው። ሆድ ላይ የሚቀባው ቅባት ስለሚቀዘቅዝ ሽማግሌዎቹ እንዳይደነግጡ ብልቃጡን በብብቷ ይዛ ታሞቀዋለች። ወሬም ትወዳለች። ታማሚው ሆዱን ገልጦ ተኝቶ እሷ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት እንደያዘ ትጠይቀዋለች። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ የምነጋገረው ከሰው ጋር ሳይሆን ከደሙ ጋር ነውና ትንሽ እቀናባት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መሪጌታ ሞገስ የሚባሉ ሽማግሌን ልጃቸው አስካለ ከሐብሩ ደጋ ደግፋ አመጣቻቸው። እግራቸው አብጧል፤ የቀመሱት ሁሉ ይመለሳል። ደማቸውን የመረመርሁት እኔ ነኝ፤ ኩላሊታቸው ሥራ ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ ለአስካለ አልደበቃትም። ኩላሊቶቹ ኮስምነው ከሆነ እዚህ የሚደረግላቸው የለም፣ አዲስ አበባ ሄደው ዕድሜ ልካቸውን እጥበት ነው፤ የሽንት መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ግን ይከፈታል አላት። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የየሻረግ መሣሪያ ነበር። አስካለ አባቷን ደግፋ ወደ ራጅ ክፍል ወሰደቻቸው።

የደሙን ውጤት ይዤ ስገባ መሪጌታ አልተኛም ብለው ቆመዋል።

«ኩላሊት መመርመር የእግዚአብሔር ፋንታ ነው» አሉ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው።

እኔ ሳቄ መጣ። የሻረግ አልሳቀችም።

«ልክ ብለዋል፣ አባቴ። እሱ የሚመረምረው ሐሳቡን ነው። እኔ ውኃውን ብቻ ነው የማይ።»

መሪጌታ መሣሪያውን አየት አደረጉ። «ሐሳቡ አይታይሽም?»

«የራሴስ መቼ ታይቶኝ።»

ተኙ።

ቅባቱን እየቀባች «ሽንትዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ይመስገን።»

ለሐኪሙም ይህንኑ ብለውት ነበር። እሱ የሩቅ አገር ልጅ ነውና አምኖ ካርዱ ላይ «ሽንት ደህና» ብሎ ጽፏል። የእኛ አገር ሽማግሌ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ እንዴት ነዎት ቢሉት መልሱ ይመስገን ነው።

የሻረግ ግን አልተወቻቸውም። «ይመስገንስ ይመስገን። ይወርዳል ወይ ነው የምልዎ» አለች።

መሪጌታ ወደ አስካለ አየት አደረጉ። ለየሻረግ ገባት፤ ልጅቱን ውኃ ግዢ ብላ ወደ ውጭ ላከቻት። በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ከመስቀል ወዲህ ጠብ ጠብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ እንዴት ይነገራል?»

የሻረግ መሣሪያውን ወደ ታች ወሰደችውና «ና እይ» ብላ ጠራችኝ። ፊኛቸው እምብርታቸው ድረስ ሞልቷል። ሁለቱም ኩላሊቶች ውኃ ቋጥረው አብጠዋል፤ ሥጋቸው ግን ገና አልሳሳም። የፕሮስቴት እጢ አድጎ መውጫውን ዘግቶታል እንጂ ኩላሊቶቹ አልኮሰመኑም። ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

ቀጭን ቱቦ ሲገባላቸው ከሁለት ሊትር በላይ ወረደ። ከዚያ መሪጌታ የሚበላ ጠየቁ።

በየማለዳው ደማቸውን ስመረምር የኩላሊታቸው መለኪያ ቁጥር እየወረደ ሄደ። ደስታዬን አልደብቅም፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ልኩ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ይዤ በግቢው ውስጥ ስሮጥ ዘበኛው እሳት ተነሣ ብሎ ተከትሎኛል። የሻረግ ድጋሚ ስታያቸው ኩላሊቶቹ ወደ ልካቸው ተመልሰው ነበር። የእጢው ኦፕሬሽን ቀጠሮ ተያዘላቸው፤ እጥበቱም አዲስ አበባውም ቀረ።

ወደ መርሳ ሊሳፈሩ ሲሉ አስካለ ለምስጋና ወደ ራጅ ክፍል መጣች። የየሻረግን እጅ ይዛ አልለቅም አለች።

«ሲስተር፣ አብሬያቸው እየኖርሁ እኔ ያላወቅሁትን እርስዎ በምን አወቁት?»

የሻረግ እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ አልጋው ላይ የቀረውን ቅባት ጠረገች።

«የራሴን አባት አንዴ ብቻ ነበር የጠየቅሁት፤ ይመስገን አለኝና አመንሁት። ነፍሱን ይማረው» አለቻት።