ሰያፍ የተጣለው ብርድ ልብስ

የታሰርኩት የሰፈራችንን ቤቶች የማፍረስ ዕቅድ በወረዳ ስብሰባ ላይ በመቃወሜ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁም ብዙ አልቆየሁም። በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሉ እርጥብ ጫማ ይሸታል፤ የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» ሲሉ ከውጭ ይሰማል።

ከጎኔ የሚተኛው ወጣት ሰልፍ ላይ የተያዘ የግብርና ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር።

«ብፈታም አልመለስም፣ ጋሼ» አለኝ። «የቀደሙኝ ተመራቂዎች መገናኛ ስልክ ይሸጣሉ።»

«እኔ በዚሁ ትምህርት የመስኖ ቦይ ስነድፍ ኖሬአለሁ። ጓደኞቼ የእህል ጎተራ ሠርተዋል፤ ማረሻ ማሽን ለአፈራችን አስማምተዋል። ጨርሰህ ተከራከረኝ።»



በክፍሉ ደንብ ከሰዓት በኋላ ተረኛው የሚያውቀውን ያስተምራል። የወጣቱ ተራ ሲደርስ ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ «ገበሬው! በሬዎችህን ውጭ አስረህ ና!» አለው። ሁሉም ሳቀ። ወጣቱ አቀረቀረ።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ በበሩ ሥር ገብቶ አንድ ሳል የጠናበት አዲስ ገቢ ወደተኛበት ሄደ። እስረኞቹ ያገኙትን ጨርቅ በሩ ላይ ከመሩ፤ ውሃው ግን ሰብሮ ገባ።

«ንገራቸው» አልኩት።

«ማን ይሰማኛል?»

«ተራው ያንተ ነው።»

ተነሣ። ሊሞላ ጥቂት የቀረው የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ከድኖ ወለሉ ላይ አጋደመ፤ የውስጡ አረፋ ወደ ከፍታው ሲሸሽ እያየ የወለሉን ዝቅታ ፈለገ።

«ካቦ፣ መገደቡን ተዉት። ማሳ ላይም ጎርፍን እናዞረዋለን እንጂ ፊት ለፊት አንገጥመውም። ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከበሩ እስከ ጥጉ የፍሳሽ ቀዳዳ ሰያፍ ጣሉ።»

«የማንን ብርድ ልብስ?» አለ ካቦው።

«የእኔን።»

ውሃው ጥቅሉን ተከትሎ ወደ ቀዳዳው ወረደ። ካቦው ጥቂት አየና፣ «እሺ ኢንጂነር፣ አሁን አስተምር» አለ። ወጣቱ እግሩ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ስለ ተዳፋትና ስለ አፈር አስተማረን። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ቆጠራ ላይ ፖሊሱ ሥራውን ጠየቀው። እስከዚያ ዕለት «የለኝም» ነበር የሚለው።

«የግብርና ምህንድስና ተማሪ ነኝ» አለ፣ ቀና ብሎ።

ሲፈታ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ዛሬ አዋሽ ዳር የመስኖ ቦይ ይቀይሳል። አንዳንዴ ስለ አስቸጋሪ ተዳፋት ሊያማክረኝ ይደውላል፤ እኔም አስቀድሜ ጠርሙስ መያዙን እጠይቀዋለሁ። እስከ ዛሬ የምንከራከርበት ጊዜ አላገኘንም።

የሁለታችንም መዝገብ «በቂ ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ የተዘጋው አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ በመስቀል ማግስት ነው።