በአንገቴ የተሸከምሁት ስም

ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልሁትን ክታብ ውስጡን አይቼው አላውቅም። ክታብ አይከፈትም፣ በቃ። ብራናው ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ በቆዳ ይሰፋል፤ ከዚያ ወዲያ የጻፈውም የያዘውም አያየውም። ዘንድሮ ግን ቆዳው ደርቆ ተሰነጠቀብኝ። አዲስ ቆዳ እንዲሰፉልኝ ብዬ ቤተ ልሔም ደብር አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ።

መሪጌታው በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ቢሆንም አንቱ ነው የምላቸው። ስደርስ ጓሯቸው ውስጥ የተወጠረ የፍየል ቆዳ ለብራና እየፋቁ ነበር።

«ለመሆኑ ክታብ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኋቸው። ፊደል የቆጠርሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ ትንሽ ነው የማውቀው፤ መጠየቅ ግን አላፍርም።

«ከተበ በግዕዝ ጻፈ ነው። ክታብ የተጻፈ ነዋ።»

«ታዲያ ጤና ጣቢያ ክትባት የሚሉንስ?»

«እሱም ከዚያው ነው። ድሮ ለፈንጣጣ የሰው ክንድ ይጫር ነበር፣ ቆዳ ላይ እንደ መጻፍ።»

ንፋስ መውጫ አስተማሪ የሆነችው ልጄ ትዝ አለችኝ። ስልኬ ቁጥር አምጣ ሲለኝ «ኮድ ነው አባዬ» አለችና፣ ቃሉ የመጣው በፈረንጅ አገር ድሮ መጽሐፍ ከሚባልበት ቃል ነው፣ እሱም ቀድሞ የዛፍ ግንድ ማለት ነበር አለችኝ። የቀለደችብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። ይህን ለመሪጌታው ስነግራቸው ሳቁ።

«ምኑ ያስቆጣል? የእኛስ መጽሐፍ በሁለት የወይራ ገበታ መካከል አይደለም የሚጠረዝ? እሱም ግንድ ነበር።»

እየሳቁ የክታቤን ክር በጠሱት።

«ኧረ አይክፈቱት!»

«በስብሶ እንደሆነ ሳላይ አልሰፋም።»

ዘረጉት። ዓይን ተስሎበታል፤ ሰው እንዳያነበው የተዘበራረቀ ፊደልም አለበት። ማንበብ ጀመሩና ሳቃቸው ቆመ።

«የክርስትና ስምዎ ማነው?»

ነገርኋቸው።

«የእናትዎስ?»

እሱንም ነገርኋቸው።

«የእናትዎ ትክክል ነው። የልጅየው ግን የእርስዎ አይደለም» አሉና የተጻፈውን ስም አነበቡልኝ።

ያን ስም አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሦስቱንም በጠራራ ቀትር። አንዴ ሳርስ፣ አንዴ አውድማ ላይ ብቻዬን ስወቃ፣ አንዴ ከአርብ ገበያ ስመለስ። የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ ድምፅ ከገደል በኩል ይጠራዋል። በመጨረሻው ጊዜ አህያዬ ጆሮዋን ቀስራ አልራመድም አለች። በአገራችን በዚያ ስም የሚጠራ ሰው የለም። በቀትር ለሚጣራ ድምፅ «አቤት» ያለ ሰው አይመለስም ይባላል፤ እኔ ግን «እኔን አይደለም» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

እናቴ ከእኔ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ሞቶባታል፣ ክርስትና በተነሣ በወሩ። ስሙን አንድ ቀን ከአፏ አልሰማሁም። ለካ የእሱን ክታብ ነው ለእኔ ያሰረችልኝ። ብራና አጥታ ይሁን ዐውቃ፣ አሁን ማን ይጠየቃል?

መሪጌታው መፋቂያቸውን አነሡ። «ተፍቆ የእርስዎ ስም ይጻፍበት። በሰው ስም የተጻፈ ክታብ አይጠብቅም።»

«አይነካም!»

«አባቴ፣ እልኸኛ አይሁኑ። የሞተ ልጅ ስም ይዘው ሲዞሩ…»

«የጠበቀኝ እሱ ነው። ያ የሚጠራው ነገር በዚህ ስም ነው የሚያውቀኝ። አሁን የእኔን ጽፈው ሊነግሩት ነው?»

ስለ ድምፁ አወጋኋቸው። መፋቂያቸውን መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጥሪው ለእርስዎ ነበር እንበል። እርስዎ እንዳይገኙ ይህን ሁሉ ዘመን በርዎ ላይ የቆመው ሕፃን ግን መቼ ያርፋል?» አሉኝ።

ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ በረደኝ።

ክታቡን እንዳለ አሰፋሁት። ስሙን ግን በቁራጭ ወረቀት አስጽፌ ለአጥቢያችን ቄስ ወሰድሁ፣ በጸሎት እንዲያስቡልኝ።

«ለማን ነው?» አሉ።

«ለታላቄ።»

«ስንት ዓመት ኖረ?»

«ጥርስ አላበቀለም» አልኋቸው። ሽበቴን አዩና ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

በእሑዱ ቅዳሴ ከሙታን ጋር ስሙን ጠሩት። በሰው አፍ፣ በሰው ድምፅ ሲጠራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «አቤት» ልል አፌ ተከፈተ፤ በጋቢዬ አፈንሁት።