ክቡርነትዎና የቦዩ ዳር ሣር

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ክቡርነትዎ» ይለዋል። ፊት ለፊት ነው የሚሉት፤ እሱ ደግሞ የምር ይመስለዋል።

የመስኖ ቦያችን ውሃ አከፋፋይ ሆኖ የተመረጠው ስለሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። ስብሰባው ላይ «ዘላቂ አጠቃቀም፣ ዘላቂ አጠቃቀም» እያለ ሲያደርቀን ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ በቃ ይሁንልህ ብለን እጃችንን አወጣን። ከዚያ ወዲያ የውሃ መክፈቻውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ መንጎራደድ ሆነ ሥራው። ሲተኛም አያወልቀውም። እህቴ «ከማን ጋር እንደተጋባሁ ጠፋኝ» ትላለች።

ቦዩ ዳር ያለውን ሣር ማጨድ ይፈቀዳል፤ መንቀል ግን ክልክል ነው፤ አፈሩን የያዘው ሥሩ ነዋ! ሕጉን ያወጣነው ሁላችንም ነን፤ ክቡርነትዎ ግን የራሱ ግኝት አስመሰለው። የጎረቤት ፍየል ሁለት ቅጠል ብትቀነጥስ ባለቤቷን ፀሐይ ላይ አቁሞ ይሰብካል።

ላሙ የወለደች ለት ስብከቱ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ከማጨድ በዶማ መገልበጡ ቀለለውና፣ በእርሻው በኩል ያለውን ሣር ከነሥሩ መንግሎ ተሸክሞ ገባ። ሰነፍ!

በማግስቱ ውሃው ሲለቀቅ ዳሩ ተናደ። ውሃው የእሱን ነጭ ሽንኩርት አጥለቅልቆ እዚያው ቀረ። ቦዩ ማለቂያ ላይ የምታርሰው፣ «የታችኛዋ» የምንላት ሴትዮ፣ ገና የተከለችው የቲማቲም ችግኝ ጠብታ ሳያገኝ ጠወለገ።

ተሰበሰብን።

«ፍልፈል ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ፍልፈሉ ዶማ ከማን ተዋሰ?» አለች የታችኛዋ።

ሳቁ አዳራሹን አናጋው። ክቡርነትዎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪያቸው እንጂ!»

«ምን ልበላቸው?» አለች እህቴ። «ከሣሩ ሥር አፈር ሳራግፍ ነው የዋልኩት። ላሟ አፈር አትበላማ።»

ቁልፉን ሲቀበሉት ገመዱ ጆሮው ላይ ተያዘ፤ ለማውለቅ ሁለት ሰው ታገለ። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ቁልፉ ለታችኛዋ ተሰጠ፤ እሱ ደግሞ የመነገለውን ዳር በገዛ እጁ መልሶ እንዲተክል ተፈረደበት።

ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሲተክል፣ የታችኛዋ ውሃ ልትከፍት አለፈች። ትናንት «አንቺ» ሲላት የነበረ ሰው ቀና ብሎ፦

«እትዬ፣ የእኔ ተራ መቼ ይሆን?»

ዳሩን በእግሯ ጫን አድርጋ ሞከረችው። አፈሩ ሸሸ።

«ሣሩ ሲይዝ» ብላው መንገዷን ቀጠለች።