በቁም ጽሕፈት የተጻፈው ማስታወቂያ

ኮምፒውተር ላይ የብራና መልክ የተሰጠው ፊደል አለ፤ የቢራ ማስታወቂያም የመዝናኛ ቤት ታፔላም ይጽፉበታል። ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ፊደል ቢያምርም ቢያስጠላም ቃሉ ያው ቃል ነው የሚል ሰው ካለ፣ በድርቁ ጊዜ ላስታ ላይ የሠራሁትን ልንገረው።

ላሊበላ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ የብራና መጽሐፍ የሚጻፍበትን ቁም ጽሕፈት ተምሬአለሁ። መቃ ቀርጬ ብርዕ አወጣለሁ፣ ጥቁሩን ቀለም አዘጋጃለሁ፣ ቀዩን ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም እቆጥባለሁ። ደርግ ሲመጣ ዳዊት የሚያስጽፍ ጠፋና የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ገብቼ መዝገብ ያዥ ሆንኩ።

ሰፈራ ሲታወጅ ማስታወቂያው በታይፕ ተመትቶ ገበያው ዳር ተለጠፈ። መስመሩ የተንጋደደ፣ የፊደሉ ሆድ በቀለም የተደፈነ ነበር። ገበሬው ቀና ብሎ ያየውና መንገዱን ይቀጥላል። ማንበብ የማይችለው ሁሉ ያንን መልክ ያውቀዋል፤ ግብሩም እስሩም የመጣበት በዚያው ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም እህል ካለቀባቸው ሰንብቶ ነበር፤ ቢሆንም አልመዘገብም አሉ። «መኪና የጻፈውን ነገር ነገ ማንን ይዤ እጠይቃለሁ?» ይሉ ነበር።

ካድሬያችን ሞኝ አልነበረም። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ በብርዕ ስሞነጫጭር ደረሰብኝ።

«ማስታወቂያውን በዚህ በቄሶቹ ፊደል ገልብጠው» አለኝ። «አብዮት የሚለውን በቀይ አድርገው።» ቀይ የእሱም ቀለም ነበር።

ከቃሉ አንድ አልተነካም። ለም መሬት ይሰጣል፣ በሬ ይሰጣል፣ ያልወደደ ይመለሳል ይላል። የመጨረሻዋ ውሸት መሆኗን አውቃለሁ፤ በፊተኛው ዙር ሄደው ከሰፈራ አምልጠው መጥተው የታሰሩትን ሰዎች ስም መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ጻፍኩት። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ደግሞ አሳምሬ መጻፌ ነው። እጄ ሥራው ናፍቆት ኖሮ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያተኛው ወረቀቱን ከበበው። አጎቴ ቀዩን ሲያዩ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ፣ ወረቀቱን በግንባራቸው ነክተው ተሳለሙት። አነበብኩላቸው።

«ያንተ እጅ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ያልወደደ መመለሱ እርግጥ ነዋ?»

ካድሬው አጠገቤ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«ተጽፏል እኮ፣ ጋሼ» አልኩ።

ያችን መልሴን ሳስታውስ ምራቄ ይመርረኛል። መዋሸት እንኳ በወግ አልቻልኩም። አጎቴ የዚያኑ ዕለት ተመዘገቡ።

ከመሄዳቸው በፊት ጽሕፈት ቤት ድረስ መጡ። ማስታወቂያው ተነሥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

«ቀይ ያለበትን ቁረጥልኝ» አሉኝ። «በቆዳ አሰፍቼ ለመንገድ ክታብ አደርገዋለሁ።»

ካድሬው ከሳቁ ብዛት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ብስጭቴ በእሱ ላይ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔ ግን የተናደድኩት በአጎቴ ላይ ነው። ለምን ያምናሉ ብዬ። መቀስ አንሥቼ ቆረጥኩላቸው፤ አንገታቸው ላይ አስረውት በመኪና ተጫኑ።

በዓመቱ ከዚያ ያመለጠ አንድ ጎረቤታችን በስውር መጥቶ ነገረኝ። የሰፈሩበት ቆላ ወባ ነበረው፤ መድኃኒት አልነበረም። አጎቴ ትኩሳቱ ሲጠናባቸው መመለስ እፈልጋለሁ ብለው ጠየቁ፤ የሰማቸው የለም። ያኔ ክታቡን አስፈትተው ወረቀቱን በውኃ አጠቡት፤ ቀለሙ ሲለቅ ውኃውን ጠጡት። የቀዩን ዝቃጭ በጣታቸው ጠርገው ልሰው፣ «የወንድሜ ልጅ የጻፈው ነው» እያሉ ሞቱ።